ጥቁሩን ግዙ፣ ነጩን ተዉት

አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በአንዱ የሚሸጠው ባለ 75 ሚሊ ሊትር አክሪሊክ ቀለም ለትንንሽ ምስሎች፣ ማለትም በብሩሽ ለሚቀቡ ቅርጻ ቅርጾች፣ ይሆናል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ መልሴ "ግማሹ ይሆናል" ነው። ጥቁሩን ያለ ሐሳብ ግዙ። ነጩን እዛው ተዉት።

የሞከርኩት በስሪዲ ፕሪንተር በወጣ የዓድዋ ዘማች ላይ ነው፣ ቁመቱ 54 ሚሊ ሜትር። ጋቢ ለብሷል፣ ትከሻው ላይ ጥቁር የከፈይ ለምድ ደርቧል፣ ራሱ ላይ የአንበሳ ጎፈር አድርጓል። ጥቁርና ነጭን ባንዴ ለመፈተን ከዚህ የሚመች ምስል አላገኘሁም።

በጥቁሩ ልጀምር። ቱቦው ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ቀለሙ ከምን እንደተሠራ የሚናገር ፒቢኬ 7 (PBk7) የሚል ኮድ አለ፣ የካርቦን ጥቁር ማለት ነው። ይሄ ነገር ርካሽ ቱቦ ውስጥ እንኳ ጉልበተኛ ነው። በስቴኪኒ ጫፍ ነክታችሁ ነጭ ውስጥ ብትጨምሩት ወዲያው ግራጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ግራጫ ስትበጠብጡ ጥቁሩን ወደ ነጩ ጠብ አድርጉ እንጂ ነጩን ወደ ጥቁሩ አትጨምሩ፣ አለዚያ ነጩን ቱቦ ጨርሳችሁት እንኳ ቀለሙ አልፈካ ይላችኋል።

ባለሱቁን "ጋሼ፣ ትንሽ ፈካ ያለ ጥቁር የለም?" ስላቸው "ልጄ፣ ጥቁር ጥቁር ነው" ብለው ሳቁብኝ። ለቤት በር ቢሆን እውነታቸውን ነው። ለምስል ግን አይሠራም። ሁሉንም በንጹሕ ጥቁር ከቀባችሁት ጥላውን በምን ልትሠሩት ነው? ከጥቁር የባሰ ጥቁር የለም። እጥፋቱም ስፌቱም ይጠፋል፣ ያ ሁሉ ዝርዝር የታተመው በከንቱ ይሆናል።

ለለምዱ ጥቁሩን ከትንሽ ሰማያዊ ጋር ደባልቄ መደቡን ቀባሁ፣ ከዚያ ያንኑ ድብልቅ በግራጫ እያፈካሁ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ በቀጭን መስመር አወጣሁት። ዋናው ነገር መስመሩ መቅጠኑ ነው። ከሰፋ ለምዱ ጥቁር መሆኑ ይቀርና ግራጫ ልብስ ይሆናል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ስታዩት "ጥቁር ነው" ካላላችሁ አብዝታችኋል፣ በውሃ በቀጠነ ጥቁር መልሳችሁ አልብሱት። ጎፈሩ ደግሞ ሌላ ነው። የስድስት ኪሎን አንበሶች ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ፊታቸው ዙሪያ ቡናማ የሆነው ጎፈር ወደ ደረት ሲወርድ ነው የሚጠቁረው። እዚህ ጋ ሰማያዊ አይገባም። ጥቁሩ ላይ ቡናማ ይጨመራል፣ ላዩን ደግሞ ቀለሙ ጨርቅ ላይ ተጠርጎ ሊያልቅ በደረሰ ብሩሽ ዳበስ ዳበስ ይደረጋል። ሁለቱ ጥቁሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ከፈይ፣ አንዱ ፀጉር መሆኑ በደንብ ይለያል። ከአንድ ርካሽ ቱቦ ሁለቱም ወጡ፣ ምን ትፈልጋላችሁ?

ነጩ ግን አናደደኝ። ኮድ የሚባል ነገር የለውም። ሳቀጥነው ከሥሩ ያለው ግራጫ ፕራይመር (ቀለም እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባው) ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሳወፍረው የብሩሹ ጭረት ይቀራል፣ ሲደርቅ ደግሞ ጠመኔ ነው። እርግጥ ነጭ የትም አገር ቢሠራ አስቸጋሪ ቀለም ነው። ቢሆንም ደህና የሚሸፍነው የቲታኒየም ነጭ ነው፣ ኮዱም ፒደብሊው 6 (PW6)። ፒደብሊው 4 የሚል ካያችሁ ዚንክ ነው፣ ተፈጥሮው ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ኮድ ያልተጻፈበት ነጭ አትግዙ፣ አለቀ። እዛው ሱቅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ኮዱ የተጻፈበት ሌላ ነጭ አለ፣ ዋጋው ወደድ ይላል፣ ግን እሱን ውሰዱ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ደግሞ ለምስል ተብሎ የተሠራ ቀለም አስመጡ። እኔ ጋ ያለው የቫዬሆ ሞዴል ከለር ነው፣ ነጩ ቁጥር 70.951፣ አይቮሪው፣ ማለትም ወደ ክሬም የሚያደላው ነጭ፣ 70.918። የምታስመጡት አንድ ብቻ ከሆነ አይቮሪው ይሁን።

ለምን? ጋቢ የጥጥ ቀለም ነው፣ ወደ ክሬም ያደላል። መደቡን በፈካ ቡናማ ግራጫ ቀብቼ፣ እጥፋቱ ውስጥ ያለውን እንዳለ ትቼ፣ ከላይ ያለውን በአይቮሪ ስስ ስስ አድርጌ ደራረብኩት። ንጹሑ ነጭ የገባው የእጥፋቱ አናት ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ለምልክት ያህል። መጀመሪያውኑ ነጭ በነጭ ብታደርጉት ብርሃኑን የምታስቀምጡበት ቦታ አይኖራችሁም። ነጠላ ቢሆን ኖሮ ጥላውን ወደ ሰማያዊ እወስደው ነበር፣ ስስ ጨርቅ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ያምርበታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፣ በበጋ ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው። አክሪሊክ ፓሌት (መበጥበጫ) ላይ እያለ ይጓጉላል፣ ነጩ ላይ ደግሞ ቅንጣቱ በግልጽ ይታያል። ክዳን ያለው የምግብ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርጉ፣ ላዩ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ፣ ቀለሙን እዚያ ላይ በጥብጡ። ወጪው ምንም ነው።

ስለ ሱቁ፣ የፒያሳ ሱቆች ከተነሡ ወዲህ እንደዚህ ክዳን ከፍተው ወረቀት ላይ የሚያስሞክሩ ብዙ አላየሁም፣ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ብሩሻቸውን ግን አልመክርም፣ ቀጫጭኖቹ ሲንተቲክ ናቸው፣ ጫፋቸው ቶሎ ይቆለመማል። ቫርኒሽ ያላቸው የሚያብለጨልጨው ብቻ ነው። ለምዱን አስውቦታል፣ ጥቁሩን አጥልቆታል፣ ጋቢውን ግን ላስቲክ ስለሚያስመስለው አላስነካሁትም። ለጋቢው ማት (የማያብለጨልጭ) ቫርኒሽ ከሌላ ቦታ ፈልጉ፣ እሱ ደግሞ ጥቁሩን ስለሚያደበዝዘው ወደ ለምዱ እንዳታሳልፉት።