መብራት ሲሄድ የትኛው ኢንቨርተር ይቀራል? ለጎንደር ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

ባለፈው በጋ አዘዞ አንዲት እናት ቤት ተጠርቼ ሄድሁ። ጣሪያቸው ላይ ስድስት ፓኔል ተደርድሯል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ቤት ውስጥ ግን አንዲት አምፖል አትበራም። «ልጄ፣ መብራት ሲሄድ ያበራልኛል ብዬ ነው የገዛሁት። ይኸው መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል» አሉኝ። ዕቃው አልተበላሸም። የተሸጠላቸው ባትሪ የሌለው፣ ዋናውን መስመር እየተከተለ ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር ነበር።

ገዢ ሱቅ እንደገባ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ዋቱ ይደርሳል። አስቀድሞ የሚጠየቀው ዕቃው የኤሌክትሪኩን ሞገድ፣ ማለትም ምልልሱን፣ ራሱ ይፈጥራል ወይስ የሌላውን ይከተላል የሚለው ነው።

ነገሩን ለመረዳት ትልልቆቹን ማየት ይጠቅማል። ፓኔልና ባትሪ የሚሰጡት ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሶኬታችን የሚጠብቀው ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ 220 ቮልት ኤሲ። አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ የኢንቨርተር ሥራ ነው። ይህንኑ ሥራ ባሕር ላይ የተተከሉ ግዙፍ ጣቢያዎች ይሠሩታል፤ ባሕር ስል ጣናን አይደለም። ጀርመን ከሰሜን ባሕር የነፋስ ኃይል የምታመጣበት ቦርዊን 1 የተባለ መስመር እስከ 400 ሜጋዋት በ200 ኪሎ ሜትር ገመድ ያሻግራል። ረጅም የባሕር ገመድ ኤሲ ከተላከበት፣ ገመዱ ራሱ እንደ ስልቻ እየተሞላና እየተራገፈ አቅሙን ይጨርሳል። ስለዚህ ባሕሩ ላይ ዲሲ ያደርጉታል፤ የብስ ሲደርስ መልሰው ኤሲ።

እነዚህም ጣቢያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። በታይሪስተር፣ ለመጥፋት የመስመሩን ምልልስ በሚጠብቅ ማብሪያ፣ የሚሠራው ነባሩ ብዙ ኃይል በትንሽ ብክነት ይሸከማል፤ ግን በሁለቱም ጫፍ ጠንካራ የኤሲ መስመር ይፈልጋል። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በ500 ኪሎ ቮልት የሚዘረጋውና እስከ 2,000 ሜጋዋት የሚችለው መስመር የዚህ ወገን ነው፤ በሁለቱም በኩል የሚደገፍበት የአገር መስመር አለው። ባሕር መካከል ግን የሚከተሉት መስመር የለም። እዚያ የሚመረጠው ብክነቱ ትንሽ ቢበልጥም ሞገዱን ከዜሮ ተነሥቶ የሚፈጥረው፣ በትራንዚስተር፣ በተፈለገ ጊዜ በሚበራና በሚጠፋ ማብሪያ፣ የሚሠራው ነው። መብራት የሄደበት የጎንደር ቤትም ለጊዜው ባሕር መካከል ነው ያለው።

ወደ ገበያችን እንመለስ። መስመር ተከታዩ፣ ግሪድ ታይ የሚባለው፣ ከሁሉም ይረክሳል፤ የባትሪ ወጪ የለበትም፤ ቀን ቀን ብዙ ኃይል ለሚበላ ቤት ቆጣሪውን ያሳርፋል። መስመሩ ሲቋረጥ ግን ይጠፋል፤ ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው፤ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ በእናንተ ፓኔል እንዳይገደል። ለመብራት መጥፋት ብሎ ይህንን የሚገዛ ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው።

ራሱን የቻለው፣ ኦፍ ግሪድ፣ ከባትሪ ተነሥቶ ሞገዱን ይፈጥራል። መስመር ላልደረሰበት የገጠር ቤት ከዚህ የተሻለ የለም። ከተማ ውስጥ ግን ሐምሌና ነሐሴ ደመናው አልነሣ ሲል ፓኔሉ ብቻውን ባትሪውን መሙላት ያቅተዋል። ሃይብሪዱ ሁለቱንም ያጣምራል፤ ፀሐይ ሲኖር ከፀሐይ፣ ሲጠፋ ከመስመሩ ይሞላል፤ መስመሩ ሲሄድ ብቻውን ይሠራል። ዋጋው ይከብዳል፤ እኔ ግን ለማራኪም ለፒያሳም ቤት የምመክረው እሱን ነው። ካርቶኑ ላይ «ሃይብሪድ» መባሉ አይበቃም። ሻጩ መስመሩን በፊታችሁ ያቋርጠው፤ አምፖሉ ካልጠፋ ያኔ ስለ ዋጋ ተነጋገሩ።

ቀጥሎ የሞገዱ ቅርጽ። «ሞዲፋይድ» የሚሉት ርካሹ ሞገዱን እንደ ደረጃ ቆራርጦ ያወጣዋል፤ «ፒዩር ሳይን» ግን እንደ መስመሩ ለስላሳ ነው። ለአምፖል፣ ለስልክ ቻርጀርና ለቴሌቪዥን ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሞተር ያለበት ዕቃ ላይ ግን ጉዱ ይታያል፤ ፍሪጅና የውኃ ፓምፕ ያጉረመርማሉ፣ ይግላሉ፣ ዕድሜያቸው ያጥራል። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካይ ማሽኑ እጁ ላይ እየጋለ ሲያስቸግረው ጥፋቱ የማሽኑ መስሎት ሁለተኛ ገዛ፤ ሁለተኛውም ጋለ።

አንዳንዱ ኢንቨርተሩን አንሥቶ በክብደቱ ይመርጣል። ቂልነት አይደለም። ከባዱ ውስጥ የመዳብ ትራንስፎርመር አለ፤ ፍሪጅ ሲነሣ ለቅጽበት ከተለመደው ፍጆታው ብዙ እጥፍ ሲጠይቅ ከባዱ ይችለዋል፣ ቀላሉ ሊያቋርጥ ይችላል። ነገር ግን ከባዱ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥም ይበላል። ባዶውን 50 ዋት የሚበላ ዕቃ 12 ሰዓት በሚረዝም ሌሊት 600 ዋት ሰዓት ይጨርሳል። የ200 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ በ12 ቮልት 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ስለምንጠቀም ከምንጠቀምበት 1,200 ዋት ሰዓት ግማሹ ምንም ሳይበራበት አለቀ ማለት ነው። ሊትየም ባትሪ ውድ ቢሆንም እስከ 80 በመቶው ድረስ ይወጣል፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

ሻጮች የማያነሡት አንድ ነገር አለ። ብዙ ኢንቨርተሮች ሙሉ አቅማቸው የሚጻፈው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ዕቃው በደንብ አይቀዘቅዝም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ከምትፈልጉት ትንሽ ከፍ ያለ ዋት ግዙ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም የተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥም አታስቀምጡት።

የአዘዞዋን እናት ፓኔሎች አልነካናቸውም፤ የስድስቱ ድምር ቮልት ከአዲሱ ሃይብሪድ ገደብ ውስጥ ገባ። ኢንቨርተሩን ቀየርን፣ ሁለት ባትሪ ጨመርን። አምፖሎቹ፣ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ ወደ እሱ ዞሩ። ምጣዱ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ ከዋናው መስመር ጋር ቀረ፤ መብራት በሄደ ቀን እንጀራው በእንጨት ይጋገራል። እሳቸውም «ለእንጀራው እንጨቱ ይሻለኛል» ብለው ሥራውን ተቀበሉኝ።