ርቀት ትምህርት ስትጀምሩ፦ በስልክ ወይስ ኢንተርኔት ቤት?

ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ትኖራላችሁ፣ ላፕቶፕ የላችሁም እንበል።

ወጪ፦ ስልኩ በእጃችሁ ነው፤ የሚበላው ዳታ ነው። የሌሊት ጥቅል ስለሚረክስ ሞጁሉን ያኔ አውርዱ። ኢንተርኔት ቤት በሰዓት ያስከፍላል፤ የታክሲውንም ደምሩበት።

ምቾት፦ ለማንበብ ስልክ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ሙድል (ትምህርትና አሳይመንት በኢንተርኔት የሚሰጥበት ሥርዓት) የሚጠቀም ከሆነ፣ መተግበሪያው አንዴ ያወረደውን ፋይል ያለ ኔትወርክም ይከፍተዋል። ሠንጠረዥ ያለበት አሳይመንት በስልክ መጻፍ ግን መከራ ነው። እዚህ ላይ ኪቦርድን የሚያክል የለም።

ስጋት፦ የኢንተርኔት ቤት ዋናው ጣጣ ፓስዎርድ ነው። ብሮውዘሩ ላስቀምጠው ወይ ሲላችሁ እምቢ በሉ። ስትጨርሱ ገጹን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ሎግ አውት አድርጉ። ፍላሻችሁም ቫይረስ ይዞ ሊመለስ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል፤ ስልኩ ቻርጅ እስካለው ይሠራል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰዓት የተገደበለት ኩዊዝ ከጀመራችሁ፣ ብትቋረጡም ሰዓቱ መቁጠሩን አያቆምም።

ለማን ይሻላል? ቀን ሥራ ውሎ ማታ ለሚያነብ ስልክ ይበቃዋል። አሳይመንት ለሚበዛበት ቅዳሜ ጠዋት ኢንተርኔት ቤት ይሻለዋል፤ ከሰዓት በኋላ ወረፋ ሊኖር ይችላል። የማስረከቢያው ዕለት ግን ሁለቱንም አትመኑ፤ ቀደም ብላችሁ አስገቡ።