ለማህበር መዝገብ የቱ ዳታቤዝ ይሻላል? ኤስኪውላይት፣ ማይኤስኪውኤል፣ ፖስትግሬስ

ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ላይ ለማህበራችሁ የመዝገብ ሶፍትዌር ልታሠሩ ነው እንበል። ሦስቱም ዳታቤዞች በነጻ ይገኛሉ። ብሩ የሚወጣው ለባለሙያው ነው። ሰው ሁሉ ስለ ፍጥነት ይጠይቃል። እኔ ግን ከፍጥነት በፊት መልሱ ትክክል መሆኑን አስቀድማለሁ።

ኦፕቲማይዘር የሚባለው የዳታቤዙ ክፍል ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚቀርበው ጥያቄ) ቶሎ እንዲያልቅ የሥራውን ቅደም ተከተል ይቀያይራል። ሁሌም ባይሆን አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። የመንዝ በግ አርቢዎች ማህበርን እንውሰድ። አባላትን ካስረከቡት በግ ጋር በሌፍት ጆይን ስናያይዝ፣ ምንም ያላስረከበ አባልም ስሙ ይወጣል፤ የበጉ ቦታ ባዶ ይሆናል። ማጣሪያው፣ ማለትም የትኞቹ ረድፎች እንደሚወጡ የሚወስነው ሁኔታ፣ ባዶውን የሚጥል ከሆነ ኦፕቲማይዘሩ ሌፍቱን በሁለቱም በኩል ያሉትን ብቻ ወደሚያወጣው ኢነር ጆይን ቢለውጠው ችግር የለውም። ባዶውን የማይጥለውን ማጣሪያ ይጥላል ብሎ ካሰበ ግን አባሉ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ኤረር አይመጣም። ሰውየው ስብሰባ ሳይጠራ ይቀራል፣ ማንም አያውቅም።

ኤስኪውላይት ይህንን የመለወጫ ደንብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2018 በ3.23.0 ነው። በዚያው ወር በወጣው 3.23.1 በአዲሱ ደንብ ላይ የተገኙ ሁለት ችግሮች ታረሙ። እርማቱ ፈጣን ነበር። ነገር ግን ኤስኪውላይት አፑ ውስጥ ተካቶ ስለሚመጣ፣ ባለሙያችሁ አፑን ካላደሰ እርማቱ እናንተ ጋ አይደርስም። ኤስኪውላይት ላይ ክሮስ ጆይን (ሌላ የማያያዣ ዓይነት) ብሎ መጻፍ የጆይን ቅደም ተከተሉን ያጸናል፤ ከዚህ ዓይነቱ ስህተት ግን አያድንም።

ማይኤስኪውኤል ኦፕቲማይዘር ስዊች የሚባል የኦፕቲማይዘሩን ደንቦች ማብሪያና ማጥፊያ አለው። ብዙዎቹን ደንቦች ለየብቻ ማጥፋት ይቻላል፤ ማጣሪያን ወደ ንዑስ ኩዌሪ (በኩዌሪ ውስጥ ያለ ኩዌሪ) የሚያወርደው ደንብ ለምሳሌ በ8.0.22 የራሱን ማጥፊያ ይዞ መጥቷል። ደንቡ ሲሳሳት ማጥፋት ስለሚቻል ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፖስትግሬስ ላይ ኦፕቲማይዘሩ የጆይኖችን ቅደም ተከተል ምን ያህል መቀያየር እንደሚችል የሚወስነው፣ ጆይን ኮላፕስ ሊሚት የሚባለው ቁጥር በነባሪ 8 ነው። 1 ሲደረግ ጆይኖቹ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይሄዳሉ።

ቢሮው አንድ፣ ኮምፒውተሩም አንድ ከሆነ ኤስኪውላይት ይበቃል፤ አፑን ማደስ ግን ውሉ ላይ ይጻፍ። ከየወረዳው ብዙ ሰው በአንዴ የሚመዘግብ ከሆነ እኔ ፖስትግሬስን እመርጣለሁ። ባለሙያችሁ ማይኤስኪውኤልን በደንብ የሚያውቅ ከሆነ ግን አታስቀይሩት።

የቱንም ብትመርጡ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ይህን አሠሩ። መጀመሪያ ኩዌሪው ከነማጣሪያው ስንት ረድፍ እንደሚያወጣ ይቆጠር። ቀጥሎ ማጣሪያው ከዌር (የኩዌሪው ማጣሪያ ከሚጻፍበት ክፍል) ወጥቶ ሰሌክት (የሚወጡት ዓምዶች የሚዘረዘሩበት ክፍል) ውስጥ ይግባና ማጣሪያው እውነት የሆነባቸው ረድፎች ይቆጠሩ። ማጣሪያው እዚያ ሲሆን ኦፕቲማይዘሩ በእሱ ተነስቶ ጆይኑን አይለውጥም። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ሥራውን አትረከቡ።