«የትኛው ጉልበታቸው ነው?» ብሎ ለጠየቀን የሶር ፏፏቴ አስጎብኚ

ከመቱ ከተመለስን ጀምሮ እማዬ እረፍት አልሰጠችኝም። «ጻፊለት እንጂ! እንዲህ ያለ ልጅ ዝም ይባላል?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ኢሉባቦር ሄዳችሁ ሶር ፏፏቴን ማየት የምትፈልጉ ሁሉ፣ በተለይ እናት ወይም አባት ይዛችሁ የምትሄዱ፣ እባካችሁ ይህን ልጅ ሳታገኙ አትሂዱ።

እማዬ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። በ1974 ዓ.ም. በ22 ዓመቷ የተመደበችው መቱ ነው። ሦስት ዓመት አስተማረች። ሶር ፏፏቴ ከከተማው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። ግን አላየችውም። አንዴ ዝናቡ፣ አንዴ የፈተና እርማት፣ በኋላ ደግሞ ታላቅ ወንድሜን አረገዘች። ከዚያ ዝውውር መጣና አዲስ አበባ ገባች። «ሶርን በጠመኔ ስንት ጊዜ ስያታለሁ መሰለሽ። በዓይኔ ግን አላየኋትም» ስትል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አሁን 66 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል።

ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሌላ ቦታ ሞክረን ነበር። «እዚያ ከቻለች ሶርንም ትችላለች» ብዬ ነው። የማንንም ስም አልጠራም። ውስጤ ግን እስካሁን ይቃጠላል።

የመጀመሪያዎቹ የጉዞ አዘጋጆች ነበሩ። ስለ ጉልበቷ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። «ችግር የለም፣ እናመቻቻለን» አሉ። ሙሉ ሂሳብ ተቀበሉን። ቦታው ስንደርስ አስጎብኚው እግሯን አየት አደረገና «ማዘር፣ እርስዎ መኪናው ውስጥ ይጠብቁን» ብሎ ሌሎቹን ይዞ ሄደ። ይኸው ነው ማመቻቸቱ። እኔም አብሬያት ቀረሁ። አራት ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። የምንጠጣውን ውሃ እንኳ ይዘውት ሄደው ነበር። ሲመለሱ ያነሱትን ፎቶ በስልክ አሳዩዋት። እማዬ «ያምራል፣ ጎሽ» አለች። ያቺን «ያምራል» አልረሳትም። ማታ ደግሞ አንዱ ለጓደኛው «እንዲህ ያሉ ሰዎችን ለምን ትመዘግባላችሁ?» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

ሁለተኛው ከዚህም የባሰ ነበር። በስልክ «ሜዳ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ነው» አለን። ሄደን ስናየው ቁልቁለት ነው። መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ተጨማሪ ብር ጠየቀ። ምን እናደርጋለን? ከፈልን። ከዚያ ጥሎን ወደፊት ሄደ። እማዬ አዳልጧት ስትወድቅ ያነሳናት እኔና አንድ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነን። ያን ቀን መኪና ውስጥ ሆና «በቃ ልጄ፣ ሶር ይቅርብኝ» አለች። እኔ ደግሞ መልስ አልነበረኝም።

የዚህን ልጅ ስልክ የሰጠችኝ የመቱ ተወላጅ የሆነች የሥራ ባልደረባዬ ናት። ተስፋ ሳይኖረኝ ነው የደወልኩት። ያንኑ የለመድኩትን ነገር ነገርኩት። እናቴ ትልቅ ሰው ናት፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ይሆናል ወይ? «ችግር የለም» እስኪለኝ እየጠበቅኩ ነበር። እሱ ግን ትንሽ ዝም አለና «የትኛው ጉልበታቸው ነው?» አለኝ።

«የቀኙ።»

«ሲወጡ ነው ሲወርዱ የሚብስባቸው?»

«ሲወርዱ።»

«እሺ እህቴ። እንግዲያው ከመምጣታችሁ ከሁለት ቀን በፊት ደውሉልኝ። ሳትደውሉ እንዳትመጡ።»

ይህን ጥያቄ ሐኪም እንጂ ሌላ ሰው ጠይቆን አያውቅም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ህዳር ላይ ሄድን። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጅማ አድረን፣ በአጋሮና በበደሌ አልፈን፣ የያዮን ጫካ አቋርጠን መቱ ገባን። ያዮን ስናልፍ እማዬ መስኮቱን ከፍታ «ይኸውልሽ፣ ቡና ሳይተከል ራሱ የሚበቅልበት አገር» አለች። እውነትም ነው፤ የያዮ የጫካ ቡና ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ነው ያለው። በነጋታው ጠዋት አስጎብኚያችን ፏፏቴው አቅራቢያ ባለችው የቤቾ መንደር ጠበቀን። ከጎኑ አንድ ትንሽ ልጅ ዱካ ተሸክሞ ቆሟል። ዱካው ምን እንደሆነ የገባኝ መንገድ ከጀመርን በኋላ ነው። እማዬ ትንሽ ስትደክም ልጁ ዱካውን ያስቀምጥላታል። ትቀመጣለች። ማንም «ቶሎ በሉ» አይልም። ሌላ ሰው አንድ ሰዓት ገደማ የሚሄደውን መንገድ እኛ ከሁለት ሰዓት በላይ ሄድን።

ጫካውን እንዴት ልንገራችሁ! ፀሐይ እንደ ወንፊት እየተንጠባጠበች ነው የምትገባው። ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ከላይ ያዩናል። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ አለ። ቡናው ቀልቷል፤ ሰዎች እየለቀሙ ነበር። እሱ ከፊት ከፊት እየሄደ ድንጋይ በእግሩ ይሞክራል። አንዳንዱን ይረግጣል፣ አንዳንዱን «ይሄን አትርገጡ» ይለናል። ለእኔ ሁሉም አንድ ነው የሚመስለው። እንዴት እንደሚለየው ዛሬም አልገባኝም።

ውሃው ይሰማል፣ አይታይም። ከዚያ የመጨረሻው ቁልቁለት መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ሳየው ሆዴ ባባ። ጭቃ ነው። ገደል ነው። እማዬ እጄን ጨበጠች። «እኔ እዚህ ልቅር፣ አንቺ ሂጂ» ልትለኝ እንደሆነ አውቄያለሁ።

እሱ ግን ቅጠሉን በዱላው ገለጥ አደረገው። ደረጃ! ከላይ እስከ ታች በዶማ የተቆፈረ ደረጃ። እያንዳንዱ አጭር ነው፣ ጉልበት ሳይታጠፍ የሚረገጥ። ዳር ዳሩ ላይ ከዛፍ ዛፍ ገመድ ታስሯል። ሁለት ቀን ሙሉ የቆፈረው ይህን ነው። ገመዱ ለምን በአንድ በኩል ብቻ እንደሆነ ሲያስረዳን ክብደቷ በየትኛው እግር ላይ እንደሚያርፍ ምናምን ብሎ ነበር። እኔ አልሰማሁትም፤ እያለቀስኩ ነበር።

ፊቱን ወደ እማዬ አዙሮ፣ ወደኋላው እየሄደ አወረዳት። «ሱታ፣ ሃርሜ። ሱታ» ይላታል። ቀስ፣ እናቴ፣ ቀስ ማለቱ ነው። እማዬ ከ40 ዓመት በፊት የለመደችው ኦሮምኛ በአፏ መጣላት። እየመለሰችለት ወረደች። አንድ ጊዜ እንኳ አላዳለጣትም።

ሶር 20 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ገደል ነው ቁልቁል የሚወረወረው። ዙሪያው አረንጓዴ ግድግዳ ነው። ፍንጣሪው ከሩቅ ያረጥባል። እማዬ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋ ረጥቦ፣ ብዙ ጊዜ ምንም አልተናገረችም። ከዚያ ዱላዋን አንስታ ጭቃው ላይ መሳል ጀመረች። ትንሹን ልጅ ጠራችው። «ና እስቲ። ይህ ሶር ነው። ገባ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ገባ ከብርብር ጋር ይገናኝና ባሮ ይባላል። ባሮ በጋምቤላ አድርጎ ይወጣል። ከዚያ ሶባት፣ ከዚያ ነጭ አባይ።» አስጎብኚያችንም ተንበርክኮ ያይ ነበር። «ታዲያ ከኛው አባይ ጋር ይገናኛሉ?» አላት። «እንዴታ! ካርቱም ላይ» አለችው። ደስታዋን ብታዩት! እንዲህ ሆና ያየኋት ጡረታ ከወጣች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሂሳቡን ስንከፍል የተስማማነውን ብቻ ጠየቀ። ለደረጃው አንድ ብር አልጨመረብንም። እኔ በግድ ስጨምርለት መጀመሪያ ለትንሹ ልጅ አካፈለው። «ደረጃው ለሌላም ሰው ይሆናል» አለኝ።

ስሙንና ስልኩን እንዲህ በአደባባይ አላወጣም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው አገናኛችኋለሁ። ሁላችሁንም። ክረምት ላይ አትሂዱ፤ እዚያ አገር ዝናቡ ረጅም ነው፣ መንገዱም ይከብዳል። እኛ ህዳር ሄደንም ጭቃ ነበር። ቦቲ ጫማና ቅያሪ ልብስ ያዙ። ስትደውሉለት ደግሞ ሁሉንም ንገሩት። ጉልበት ከሆነ ጉልበት፣ ወገብ ከሆነ ወገብ። ያፈራችሁበትን ነገር ሳይቀር ንገሩት። ይሰማችኋል። ባለሙያ ማለት እሱ ነው። የእናቱ ልጅ ይባረክ፣ እሱን ያሳደገች እናት ትባረክ!

ባለፈው እሁድ እማዬ ራሷ ደወለችለት። ሰላምታው አላልቅ አለ። በመጨረሻ «ደረጃው አለ ወይ?» አለችው።

«ዝናብ ትንሽ አፍርሶታል፣ ሃርሜ» አላት። «ሲመጡ አስተካክለዋለሁ። ብቻ ከሁለት ቀን በፊት ይደውሉልኝ።»