ሥዕል የምታስነብብ እህት ልጠቁማችሁ

ባሕር ዳር ያላችሁ ወላጆች፣ ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው። የአራት ዓመት ልጄን ቅዳሜ ጠዋት ቤት እየመጣች በሥዕል መጽሐፍ የምታጫውት ወጣት አለች። ስሟ እንዲጻፍ ስላልፈለገች ትቼዋለሁ።

ስትመጣ ማንበብ አትጀምርም። ጽሑፉን በመዳፏ ሸፍና «እዚህ ጋ ምን እየሆነ ነው?» ትለዋለች፤ ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ልጁ «ውሻ» ካለ «አዎ፣ የረጠበ ውሻ። ምን አረጠበው?» «ዝናብ!» «በምን አወቅህ?» ይሄኔ ገጹን እንደገና ይፈትሻል፤ ጥግ ላይ ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ ያገኛል። እኔን የገዛኝ ይህ «በምን አወቅህ» ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» እያሉ ጣት መቀሰር ስም ከማስጠናት አያልፍም፤ እሷ ግን ልጁ ለተናገረው ምክንያት እንዲፈልግ ታደርገዋለች።

አንድ ቀን ባለ ሸራ ጀልባ አይቶ «ታንኳ» አላት። አላረመችውም። «የእኛ ሐይቅ ታንኳ ከምን ነው የሚሠራው?» «ከደንገል።» «ይሄኛውስ?» ብቻ አለችው፤ ልዩነቱን ራሱ ቆጠረላት፤ ሸራው፣ ጣውላው፣ ገመዱ።

ወደ ዘጌ ተሻግረን ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባን ጊዜ ደግሞ የመቅደሱን ግድግዳ እያየ «የዚህ ሰውዬ ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?» ብሎ ጮኸ። አጠገባችን የነበሩ አባት ሳቅ አሉና ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሣል፣ ጻድቅ ግን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ እንደሚሣል ነገሩት። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው! ግድግዳውን እየዞረ ደጉን ከክፉው ሲለይ ጀልባዋ ልታመልጠን ነበር። እኔ ስንት ጊዜ ተሳልሜ የወጣሁበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዓይን መቁጠር ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ክፍያዋ ከተለመደው አስጠኚ ብዙም አይርቅም። መጻሕፍት ይዛ ትመጣለች፤ ቤት ያለውንም ትጠቀማለች። ልጁ ከሰለቸው ታቆማለች እንጂ ሰዓት ለመሙላት አታስጨንቀውም። ክረምት ላይ ዝናብ ከያዛት ታረፍዳለች፣ ይህን ከአሁኑ እወቁት። ፊደል ቶሎ እንድታስቆጥርላችሁ ከሆነ የምትፈልጓት ሌላ ሰው ፈልጉ፤ የእሷ ሙያ ይህ አይደለም።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው እግዜር ይስጥልኝ። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ተይዟል!