ጉምሩክ ዕቃ ሲይዝባችሁ፦ የቅሬታ አገልግሎቱን ስመዝነው

ስለ ስልክ፣ ስለ ሆቴል፣ ስለ አየር መንገድ ሁሉም ሰው አስተያየቱን ይጽፋል። ዕቃው ጉምሩክ ስለተያዘበት ሰው ግን የሚጽፍ ብዙም የለም። እሱም እኮ አገልግሎት ነው። ዕቃችን እነሱ እጅ ነው፣ ጥያቄ አለን፣ መልስ ይገባናል። እኔም ዕቃ ተይዞብኝ ያውቃል። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልጠቅስም።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ደንቡን ስታነቡት ጥሩ ነው። የዓለም የጉምሩክ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ያሻሻለው፣ በ2006 ሥራ ላይ የዋለው የኪዮቶ ስምምነት ስለ ይግባኝ ብቻ የሚናገር ምዕራፍ አለው። መጀመሪያ ለጉምሩኩ ለራሱ ታመለክታላችሁ። ካልረካችሁ ከጉምሩክ ነጻ ወደሆነ አካል ትሄዳላችሁ። በመጨረሻ ፍርድ ቤት አለ። ምክንያቱን ከጠየቃችሁም ሊነግሯችሁ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የጸናው የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጥ ስምምነት ደግሞ ቅጣት የሚጥል ጉምሩክ ጥፋቱ ምን እንደሆነና በየትኛው ሕግ እንደቀጣ በጽሑፍ እንዲያስረዳ፣ ቅጣቱም ከጥፋቱ ክብደት ጋር እንዲመጣጠን ያዛል።

መስኮቱ ጋ ስትደርሱ ነው ነገሩ የሚለወጠው። እኔ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ የነበረው ምክንያት አንድ መስመር ነው። የአንቀጽ ቁጥር አለ፣ ማብራሪያ የለም። ዋጋው ዝቅ ተደርጎ ተመዝግቧል ነው? ፈቃድ ጎድሏል ነው? ወይስ ዲክላራሲዮኑ (ዕቃውን ያስመዘገብንበት የጉምሩክ ሰነድ) ላይ ያለው ብዛት ከዕቃው ጋር አልገጠመም? እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ለአንዱ ደረሰኝና የባንክ ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ለሌላው የፈቃድ ወረቀት፣ ለሌላው ዕቃውን ቆጥሮ ማየት። ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ማመልከቻ አስገባ» ነው። ምን ብዬ? የተከሰስኩበትን ሳላውቅ ምን ብዬ ነው የምከላከለው? ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ይሄ ነው፣ አሁንም ያናድደኛል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ቀኑ እየቆጠረ ነው። በእንግሊዝ ሕግ አያያዙን የሚቃወም ሰው ያለው ጊዜ 1 ወር ነው። ካለፈ ዕቃው በሕግ እንደተወረሰ ይቆጠራል። በአሜሪካ ለጉምሩክ የሚገባው የምሕረት ማመልከቻ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የሚቆጠረውም ማሳወቂያው በፖስታ ከተላከበት ቀን ጀምሮ ነው፣ እጃችሁ ከገባበት ቀን አይደለም። ስለዚህ ፖስታውን አትጣሉት፣ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ያስፈልጋችኋል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ «ዕቃዬን መያዛችሁ ሕጋዊ አይደለም» ማለት ነው። ሌላው «በአያያዙ አልከራከርም፣ ግን ዕቃዬን መልሱልኝ» ማለት ነው። ሰዉ ሁለተኛውን ያስገባና የመጀመሪያውንም የጠየቀ ይመስለዋል። በእንግሊዝ ሁለቱ ተለያይተው ነው የሚሄዱት፤ የመመለስ ጥያቄው ውድቅ ሆኖ ጉዳዩን የሚያየው ችሎትም በአብዛኛው የሚያዘው ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ነው እንጂ ዕቃው በቀጥታ እንዲሰጣችሁ አይደለም። በአሜሪካ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሂድልኝ የሚል ሰው በጉምሩክ ሕጉ መሠረት ዋስትና ያስይዛል፦ 5,000 ዶላር ወይም የዕቃውን ዋጋ 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ ግን ከ250 ዶላር የማያንስ። ለትልቅ አስመጪ ምንም አይደለም። አንድ ካርቶን ላመጣ ሰው ግን በሩን መዝጋት ነው፣ እኔ በዚህ በፍጹም አልስማማም።

የዕቃው አያያዝስ? የኔ ርክክብ ወረቀት ላይ የተጻፈው «የተለያዩ ዕቃዎች፣ 1 ካርቶን» ነው። በቃ። ከውስጡ አንድ ነገር ቢጎድል በምን አስረዳለሁ? ዓይነቱ፣ ብዛቱ፣ መለያ ቁጥሩ ሳይዘረዘር አትፈርሙ። የሚበላሽ ዕቃና እንስሳ ከሆነ ክርክሩ ሳያልቅ ሊሸጥ ይችላል። እዚህ ላይ የእንግሊዙን ሕግ አደንቃለሁ፦ ባለቤቱ ከረታ ከተሸጠው ዕቃ የሽያጩን ገንዘብ፣ ከተወገደው ደግሞ በተያዘበት ጊዜ የነበረውን የገበያ ዋጋ መጠየቅ ይችላል። ሆኖም ገንዘቡን ከተቀበላችሁ በዚያው ጉዳይ ሌላ ክስ ማንሳት አትችሉም።

የአስመሳይ ምርት ጉዳይ ለየት ይላል። «ምልክቱን ልንቀለውና ልቀቁልኝ» ማለት ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት ምልክት ማንሳት ብቻውን አይበቃም ይላል። በሌላ በኩል በባለ ንግድ ምልክቱ ጥያቄ ዕቃችሁ ከታገደ እሱም ቀን ተቆርጦበታል። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ ቢራዘም ለሌላ 10፣ ክሱ መጀመሩን ካላሳወቀ ሌላው የማስገቢያ ቅድመ ሁኔታ ሁሉ የተሟላለት ዕቃ መለቀቅ አለበት። ይህን ቀን ራሳችሁ ቁጠሩ፣ ማንም ደውሎ አያስታውሳችሁም።

ለደንቡ ከ5 4 እሰጣለሁ። ለመስኮቱ 1፣ እሷም አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ማመልከቻዬን ተቀብላ ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም ስላደረገችልኝ ነው። የያዙበትን ምክንያት በግማሽ ገጽ ቢጽፉ፣ ቀኑም ያ ወረቀት ባለቤቱ እጅ ከገባበት ቢቆጠር፣ ነገ ተመልሼ 3 አደርገዋለሁ።