አባዬን ደም ያስመረመርኩበት ላብራቶሪ፦ ደም አቀዳዱ ጥሩ፣ ሪሴፕሽኑ ግን አሳዘነኝ

የአባዬ ምላስ ጎን ላይ የወጣች ቁስል አልድን ብላ ባዮፕሲ ተሰራና ካንሰር ነው ተባለ፣ ከኦፕሬሽን በፊት ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ)፣ ሲአርፒ (ሰውነት ውስጥ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ሲኖር ከፍ የሚል) እና አልቡሚን (የደም ፕሮቲን) አሰሩ ስላሉን ሰፈራችን ያለ አንድ የግል ላብራቶሪ ሄድን፣ ስሙን አልጠራም።

ደም የምትቀዳዋ ልጅ እግዜር ይባርካት። የአባዬ ደም ስር ቶሎ አይገኝም፣ እሷ ግን "አባባ እጅዎን ጨበጥ ያርጉልኝ" ብላ በአንድ ውጊ አገኘችው፣ ቱቦው ላይም እዛው ፊታችን ስሙን ጻፈችበት። ሪዛልቱ በዛው ቀን ደረሰ፣ የነጭ ደም ሴሎቹ ፐርሰንት ብቻ ሳይሆን ቁጥራቸውም አለበት፣ ይሄ ጠቅሞናል ምክንያቱም ሐኪሙ ኒውትሮፊል የሚባለውን ነጭ ደም ሴል ሊምፎሳይት ለሚባለው ነው የሚያካፍለው፣ የኛ 7.8 ለ1.3 ሲካፈል 6 መጣ።

ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ ግን ወረቀቱን አየት አርጋ አባዬ እየሰማ "ይሄ ከፍ ያለበት የካንሰር ሰው ብዙ አይቆይም ይላሉ" አለች። አባዬ ምንም አልመለሰላትም፣ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ፣ ማታ እራቱንም ሳይነካው ተኛ።

ሐኪሙ ሲያስረዳን፣ ከህክምና በፊት ይሄ ሬሾ (ሲካፈል የመጣው ቁጥር) ከፍ ያለባቸው የአፍ ካንሰር ታማሚዎች በአማካይ ውጤታቸው ደከም እንደሚል ብዙ ጥናት አሳይቷል፣ ግን አብዛኞቹ የድሮ ካርድ እያገላበጡ የተሰሩ ናቸው፣ ከስንት በላይ ነው ከፍተኛ በሚለውም አይስማሙም፣ ደሞ የጥርስ ኢንፌክሽንም ዴክሳሜታሶን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒትም ኒውትሮፊልን ከፍ ያረጋሉ አለን። አባዬ ያን ሰሞን መንጋጋው አብጦ ነበር እኮ! የኦፕሬሽን ወረፋ ስንጠብቅ ጥርሱ ተነቅሎ አንቲባዮቲኩን ጨርሶ እዛው ላብራቶሪ ደገምን፣ 4.8 ለ1.6፣ 3 ሆነ፣ ሲአርፒውም ከ48 ወደ 9 ወረደ፣ ካንሰሩ ግን ገና አልተነካም። ሐኪሙ ይበልጥ የሚያሳስበው ቁስሉ ስንት ሚሊሜትር ጠልቋል፣ አንገት ላይ ያለው ንፍፊት ተነክቷል ወይ፣ ተቆርጦ ሲወጣ ጠርዙ ንጹህ ነው ወይ የሚለው ነው። በነገራችን ላይ አፉ ውስጥ ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ያለው ሰው ሲቢሲዬ ደህና ነው ብሎ እንዳይቀመጥ፣ ካንሰርን የሚለየው ባዮፕሲ ነው።

ለደም ምርመራ አሁንም እዛ ሂዱ እላለሁ። በሁለተኛው ጊዜ ለኃላፊው ነግሬው ወረቀቱን በፖስታ አሽገው ሰጡን፣ አባዬንም ይቅርታ ጠየቁት፣ ግን ሰው እስኪለምናቸው ሳይጠብቁ ለሁሉም ታማሚ እንደዛ ያርጉ፣ ቁጥሩን የሚተረጉመው ሐኪሙ ይሁን።